ኤሲሲኤ እና ሌሎች ዓለም አቀፍ የሂሳብ ሙያ ማረጋገጫዎች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከታች ያሉት መልሶች በአብዛኛው ኤሲሲኤን (መነሻው እንግሊዝ የሆነ የሂሳብ ባለሙያዎች ማኅበር የሚሰጠውን ማረጋገጫ) ይመለከታሉ፤ ጥያቄ የሚበዛው እሱ ላይ ነውና። ሌሎቹም አልተረሱም። ክፍያዎች በየዓመቱ ስለሚለዋወጡ ቁጥራቸውን እዚህ አልጻፍንም፤ እሱን ከተቋሙ ድረ ገጽ ማየት ነው።

ኤሲሲኤ፣ ሲማ፣ ሲኤምኤ፣ ሲፒኤ... የቱን ልያዝ?

የቱ እንደሚበልጥ መከራከር ጊዜ ማባከን ነው። በየቀኑ ምን ዓይነት ሥራ መሥራት እንደምትፈልጉ ካወቃችሁ ምርጫው ራሱ ይጠባል።

ኤሲሲኤ ሰፊ ነው። ተቋሙ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1904 ለንደን ውስጥ ነው። ትምህርቱ የፋይናንስ ሪፖርትን፣ ኦዲትን፣ ታክስን፣ የማኔጅመንት አካውንቲንግን እና የኩባንያ ፋይናንስን ይነካል። ወዴት እንደምትሄዱ ገና ያልወሰናችሁ ከሆነ በር የማይዘጋባችሁ እሱ ነው።

የእንግሊዙ ሲማ እና የአሜሪካው ሲኤምኤ ኩባንያ ውስጥ ተቀምጦ ወጪ ለሚያሰላ፣ በጀት ለሚያዘጋጅ፣ ለውሳኔ የሚሆን ቁጥር ለሚያቀርብ ሰው የተሰፉ ናቸው። ሲኤምኤ ሁለት ክፍል ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ 4 ሰዓት ይፈጃል፤ ማለፊያው ከ500 ነጥብ 360 ነው። የባችለር ዲግሪ እና የ2 ዓመት የሥራ ልምድም ይጠይቃል። ዲግሪ ኖሯችሁ በኮስት እና በበጀት ሥራ ዓመታት ከቆያችሁ በእኛ አስተያየት አጭሩ መንገድ ይህ ነው።

የአሜሪካው ሲፒኤ ለየት ይላል። ፈቃዱን የሚሰጡት የየክፍለ ግዛቱ ቦርዶች ናቸው፤ መስፈርቱም ከቦርድ ቦርድ ይለያያል። ከ2024 ወዲህ ሦስት የግዴታ እና አንድ የምርጫ ፈተና አለው፤ ማለፊያው 75 ነው። ከአሜሪካ ኩባንያዎች ጋር የመሥራት ዕቅድ ከሌላችሁ የአሜሪካን የታክስ ሕግ መሸምደድ ብዙም አይጠቅማችሁም። ልባችሁ የውስጥ ኦዲት ላይ ከሆነ ደግሞ ባለ ሦስት ክፍሉን የውስጥ ኦዲተሮች ማረጋገጫ፣ ሲአይኤን፣ ተመልከቱ።

ዲግሪ የለኝም። ኤሲሲኤ መጀመር እችላለሁ?

ትችላላችሁ። በቀጥታ ለመግባት ሁለተኛ ደረጃን እንግሊዝኛ እና ሒሳብን ጨምሮ በሚፈለገው ውጤት ማጠናቀቅ ያስፈልጋል። ያ ካልተሟላ ፋውንዴሽን የሚባለው ደረጃ አለ፤ እሱ ምንም ዓይነት የመግቢያ መስፈርት የለውም። ከዴቢት እና ክሬዲት ጀምሮ ያስተምራል። ሂሳብ ሹም ሆነው ዓመታት የሠሩ፣ ወረቀት ግን የሌላቸው ሰዎች በዚህ በኩል ሲገቡ ፈጠን ብለው ያልፉታል።

በጠቅላላው ስንት ፈተና ነው?

አሁን ባለው መዋቅር 13 ነው፤ በሦስት ደረጃ ተከፍሏል። የመጀመሪያው ደረጃ ሦስት ፈተና አለው፦ ቢዝነስ እና ቴክኖሎጂ፣ የማኔጅመንት አካውንቲንግ፣ የፋይናንስ አካውንቲንግ። ሁለተኛው ስድስት ነው፦ ሕግ፣ ፐርፎርማንስ ማኔጅመንት፣ ታክስ፣ ፋይናንሻል ሪፖርቲንግ፣ ኦዲት፣ ፋይናንሻል ማኔጅመንት። የመጨረሻው ስትራቴጂክ ፕሮፌሽናል ይባላል፤ አራት ፈተና አለው። ኤስቢኤል (ስትራቴጂክ ቢዝነስ ሊደር) እና ኤስቢአር (ስትራቴጂክ ቢዝነስ ሪፖርቲንግ) የግዴታ ናቸው። ሁለቱን ደግሞ ከአራት አማራጮች ትመርጣላችሁ።

ማለፊያው በሁሉም 50 ነው። ደረጃዎቹን በቅደም ተከተል መውሰድ ግድ ነው፤ በአንድ ደረጃ ውስጥ ግን የፈለጋችሁትን ማስቀደም ትችላላችሁ።

እግረ መንገዳችሁንም ወረቀት ታገኛላችሁ። የመጀመሪያውን ደረጃ እና አብሮት ያለውን አጭር የሥነ ምግባር ኮርስ የጨረሰ ዲፕሎማ፣ ሁለተኛውን ደረጃ ከሥነ ምግባር ሞጁሉ ጋር የጨረሰ አድቫንስድ ዲፕሎማ ይሰጠዋል። መንገድ ላይ ለማቆም ቢገደድ እንኳ ባዶ እጁን አይቀርም።

በአካውንቲንግ ዲግሪዬ ከዘጠኝ ፈተና ነፃ ትሆናለህ ተብያለሁ። ሁሉንም ልቀበል?

ቶሎ አትፈርሙ። ትልቁ ዝርክርክ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው።

ኤሲሲኤ እስከ ዘጠኝ ፈተና ድረስ ነፃ ሊያደርግ ይችላል፤ ማለትም የመጀመሪያዎቹን ሁለት ደረጃዎች በሙሉ። ከመጨረሻው ደረጃ ግን ማንንም ነፃ አያደርግም። ስለዚህ ዘጠኙን የተቀበለ ሰው የመጀመሪያ ፈተናው ኤስቢኤል ወይም ኤስቢአር ሆነ ማለት ነው። በፈተናው አጻጻፍ አንድ ቀን እንኳ ሳይለማመድ ከባዱ ላይ ይወድቃል።

ኤስቢአር የፋይናንሻል ሪፖርቲንግን ፈተና የሚያውቅ ሰው ነው የሚጠብቀው። የቡድን ኩባንያዎችን ሂሳብ ማጠቃለል፣ ሊዝ በአይኤፍአርኤስ (በዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት መመዘኛ) 16፣ ገቢ በአይኤፍአርኤስ 15 ባለ አምስት ደረጃ አሠራር... እነዚህን እንደ ውሃ የጠጣ ሰው ነው እዚያ ተነስቶ የሚከራከረው። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ከዓመታት በፊት ያለፋችሁት ኮርስ ለዚያ አይበቃም።

ሌላም አለ። ነፃ የሆናችሁበት እያንዳንዱ ፈተና ክፍያ አለው፤ ኪሳችሁ የሚያተርፈው ነገር የለም፤ የሚተርፈው ጊዜ ነው። እኛ የምንመክረው የመጀመሪያዎቹን ሦስት እና ሕግን ተቀበሉ። ፋይናንሻል ሪፖርቲንግን ተፈተኑት፤ በመጨረሻው ደረጃ የምትመርጡት ኦዲት ከሆነ ኦዲትን፣ ፋይናንስ ከሆነ ፋይናንሻል ማኔጅመንትን ጨምሩ። የተሰጣችሁን ነፃነት አልፈልግም ማለት ይቻላል። ፋይናንሻል ሪፖርቲንግን በየቀኑ አይኤፍአርኤስ ሲያገላብጥ የሚውል ሰው ብቻ ቢዘለው አንቃወምም።

ስንት ዓመት ይፈጃል?

እየሠራ ለሚማር ሰው ከሦስት እስከ አራት ዓመት የተለመደ ነው። ዋናዎቹ ፈተናዎች በዓመት አራት ጊዜ ይሰጣሉ፦ ማርች፣ ጁን፣ ሴፕቴምበር እና ዲሴምበር። የመጀመሪያው ደረጃ እና ሕግ ግን የፈተና ማዕከሉ ቦታ ባለው ቀን ሁሉ ይሰጣሉ።

አንድ ቀነ ገደብ አለ፤ እሱን ልብ በሉ። ከስትራቴጂክ ፕሮፌሽናል የመጀመሪያውን ፈተና ካለፋችሁበት ቀን ጀምሮ 7 ዓመት ይቆጠራል። አራቱን በዚያ ውስጥ ካልጨረሳችሁ የቀደመው ውጤት ይቃጠልና እንደገና ትቀመጣላችሁ። ከዚያ በፊት ባሉት ሁለት ደረጃዎች ላይ ይህ ገደብ የለም።

በአንድ ጊዜ ሁለት ፈተና ልውሰድ?

ሙሉ ጊዜ ሥራ ካላችሁ በሁለተኛው ደረጃ አንድ፣ ቢበዛ ሁለት። ደንቡ እስከ አራት ይፈቅዳል፤ ተፈቀደ ተብሎ ግን አራቱንም መመዝገብ ደፋርነት ነው። ሁለት ከሆነ አንዱ ስሌት የሚበዛበት፣ ሌላው ጽሑፍ የሚበዛበት ይሁን፤ ፋይናንሻል ሪፖርቲንግ ከኦዲት ጋር ይስማማል። በመጨረሻው ደረጃ አንድ በአንድ።

ወጪው ምን ምን ነው?

የመመዝገቢያ፣ ዓመታዊ መዋጮ፣ የእያንዳንዱ ፈተና ክፍያ፣ ነፃ የሆናችሁበት ፈተና ክፍያ፣ መጽሐፍ፣ ከተማራችሁ ደግሞ የአስተማሪ።

ሁለት ነገር ገንዘብ ይቆጥባል። የመጀመሪያው ቀድሞ መመዝገብ ነው፤ የፈተና ክፍያው ቀደም ብሎ ለተመዘገበ ይቀንሳል፤ ለዘገየ ደግሞ በጣም ይንራል። ሁለተኛው የምትመዘገቡበት ወር ነው። ዓመታዊ መዋጮው የሚጠየቀው በየዓመቱ ጃንዋሪ 1 ነው፤ መቼ እንደገባችሁ አይታይም። ዲሴምበር ላይ የተመዘገበ ሰው ወር ሳይሞላው መዋጮ ይመጣበታል። ፈተና የምትቀመጡበት ቀን ሩቅ ከሆነ ትንሽ ታገሱ።

መጽሐፉንም ቢሆን ለሁሉም መግዛት የለባችሁም። ኤሲሲኤ ራሱ በነፃ የሚያቀርበው ስተዲ ኸብ የሚባል የመማሪያ ገጽ አለ። ለመጀመሪያው ደረጃ እሱ ይበቃል። ወደ ላይ ስትወጡ ካፕላን ወይም ቢፒፒ የሚባሉት አሳታሚዎች የሚያወጡት የጥያቄ ጥራዝ ላይ ብታወጡት ይሻላል፤ ከማብራሪያ መጽሐፉ ይልቅ ጥያቄው ነው የሚያሳልፈው።

ፈተናው ምን ይመስላል?

ሁሉም በኮምፒውተር ነው። ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው። በመጀመሪያው ደረጃ 2 ሰዓት ነው፤ ውጤቱም ወዲያው ይታያል። በሁለተኛው ደረጃ ከሕግ በስተቀር 3 ሰዓት፣ በመጨረሻው 3 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ነው። ለእነዚህ ውጤት የሚመጣው ከስድስት ሳምንት ገደማ በኋላ ነው።

ምርጫ ባላቸው ጥያቄዎች ስህተት ነጥብ አያስቀንስም፤ ስለዚህ ባዶ ትቶ መውጣት ጅልነት ነው። የጽሑፍ ጥያቄዎቹን በስፕሬድሺት እና በመጻፊያ ገጽ ላይ ትሠራላችሁ። ቀመሩን ሴሉ ውስጥ አስገቡት። በካልኩሌተር አስልታችሁ መልሱን ብቻ ከጻፋችሁ ፈታኙ እንዴት እንደደረሳችሁበት አያይም። መንገዱ ከታየ የመጨረሻው ቁጥር ቢሳሳት እንኳ የአሠራር ነጥብ ይሰጣል።

ከቁጥር ጋር ከተነሳን፦ 3 ሰዓት ለ100 ነጥብ ማለት ለአንድ ነጥብ 1.8 ደቂቃ ነው። የ20 ነጥብ ጥያቄ 36 ደቂቃ አለው። 36ኛው ደቂቃ ላይ ያልጨረሳችሁት ጥያቄ ላይ ሙጭጭ አትበሉ፤ እለፉት።

በደንብ አጥንቼ 43፣ 46 እያመጣሁ የምወድቀው ለምንድን ነው?

ይህ ጥያቄ በብዛት ይመጣል፤ መልሱም ብዙ ጊዜ አንድ ነው። እውቀቱ አለ፤ የተጠየቀው ግን አልተመለሰም። ምሳሌ እንውሰድ፤ ከኦዲት ፈተና የሚመስል።

ጥያቄው እንዲህ ይላል እንበል፦ “የኩባንያው ዕዳ የመሰብሰቢያ ጊዜ ባለፈው ዓመት 38 ቀን ነበር፤ ዘንድሮ 61 ቀን ሆኗል። የኦዲት ስጋቱን አብራሩ፤ የኦዲተሩንም ምላሽ ግለጹ።”

ብዙ ሰው የሚጽፈው፦ “ደንበኞች ዘግይተው እየከፈሉ ነው። ኩባንያው የዱቤ ቁጥጥሩን ማጥበቅ አለበት።”

ሐሳቡ ልክ ነው፤ ነጥቡ ግን ዜሮ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው። አንደኛ፣ ስጋቱ ከሂሳብ መግለጫው ጋር አልተያያዘም። ሁለተኛ፣ የተጠየቀው ኦዲተሩ የሚያደርገው ነው፤ የተመለሰው ግን የኩባንያው አመራር የሚያደርገው ነው።

ነጥብ የሚያመጣው መልስ ይህን ይመስላል፦ “አንዳንድ ደንበኞች ጨርሶ ላይከፍሉ ይችላሉ። ስለዚህ ተሰብሳቢ ሂሳቡ ከሚገባው በላይ፣ ለማይሰበሰብ ዕዳ የተያዘው መጠባበቂያ ደግሞ ከሚገባው በታች ሆኖ ሊቀርብ ይችላል። ኦዲተሩ የሂሳብ ዓመቱ ከተዘጋ በኋላ ከደንበኞች የገባውን ገንዘብ ከቀሪ ዕዳው ጋር ያመሳክራል፤ በዕድሜ የተለየውን የዕዳ ዝርዝር ይመረምርና መጠባበቂያው በቂ ስለመሆኑ ከፋይናንስ ዳይሬክተሩ ጋር ይወያያል።”

ልዩነቱ እውቀት አይደለም። ሁለቱንም የጻፈው አንድ ተማሪ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ግን ማን ሆኖ ለማን እንደሚጽፍ አውቆ ነው የጀመረው። መድኃኒቱ ያለፉ ጥያቄዎችን ሰዓት ይዞ በሙሉ መጻፍ፣ ከዚያም ከናሙና መልሱ ጋር ዐረፍተ ነገር በዐረፍተ ነገር ማስተያየት ነው። መልሱን እያነበቡ “አዎ፣ ይሄንንማ አውቀዋለሁ” ማለት ጥናት አይባልም። ፈታኞቹ ከየፈተናው በኋላ የሚያወጡትን ሪፖርትም አንብቡ፤ ነፃ ነው፤ ተፈታኞች የት የት እንደሳቱ በግልጽ ይነግራችኋል። ይህን የሚያነቡ ሰዎች ማነሳቸው ሁሌም ይገርመናል።

ሞራላችሁ ከወደቀ ደግሞ ይህን አስታውሱ፦ ኤስቢአር ላይ የሚያልፈው ከተፈታኙ ግማሽ ገደማ ነው። መውደቅ ብርቅ አይደለም።

እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው። ያስቸግረኛል?

በመጀመሪያው ደረጃ ብዙም። ከዚያ በኋላ አዎ። ግን የሚፈለገው ቅኔ አይደለም፤ አጭር ዐረፍተ ነገር ይበቃል። የሰዋስው ስህተት ነጥብ አይነጥቅም፤ ሐሳቡ ሲድበሰበስ ግን ፈታኙ የሚሰጠው ነጥብ ያጣል። “ምክንያቱም” እና “ስለዚህ” የሚሉትን በእንግሊዝኛ አዘውትራችሁ ተጠቀሙ፤ ማብራሪያ እንድትጽፉ ያስገድዷችኋል።

የሥራ ልምዱ እንዴት ይቆጠራል?

36 ወር ያስፈልጋል። ከፈተናው በፊት፣ ጎን ለጎን ወይም በኋላ የተሠራ ይቆጠራል። የተለያዩ መሥሪያ ቤቶች ላይ የተሠራውም ይደመራል። ትልቅ የኦዲት ድርጅት መሆን የለበትም፤ ሥራው የሂሳብ እና የፋይናንስ ይሁን እንጂ።

ወር መቁጠር ግን ብቻውን አይበቃም። ዘጠኝ የአፈጻጸም ግቦች አሉ፤ አምስቱ የግዴታ፣ አራቱ የምርጫ። ለእያንዳንዱ ግብ በራሳችሁ ቃል አጭር መግለጫ ትጽፋላችሁ፦ ምን ሠራሁ፣ እንዴት ሠራሁ፣ ምን ተማርኩበት። ይህን የሚያጸድቀው ሥራችሁን የሚያውቅ፣ እውቅና ያለው የሂሳብ ባለሙያ ነው። አለቃችሁ አካውንታንት ካልሆነ ጊዜውን ሊመሰክር ይችላል፤ ለግቦቹ ግን ሌላ ሰው መፈለግ አለባችሁ። ፍለጋውን ዛሬ ጀምሩ። ፈተናውን ሁሉ ጨርሰው ፈራሚ አጥተው የሚንከራተቱ አሉ።

መግለጫውን ከጓደኛ ገልብጦ ማስገባት ደግሞ ቀልድ አይደለም። ኤሲሲኤ ጽሑፎቹን ያመሳክራል፤ በተኮረጀ መግለጫ አባል የሆኑ ሰዎች ዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ቀርበው ከአባልነት ተሰርዘዋል። መፍትሔው ቀላል ነው። በየወሩ መጨረሻ ያ ወር ያመጣውን ከበድ ያለ ሥራ በሁለት መስመር መዝግቡ፦ “የባንክ ማስታረቂያው ላይ የማይገናኝ ልዩነት ነበር፤ ሁለት ጊዜ የተመዘገበ ክፍያ ሆኖ አገኘሁት፤ ከዚያ ወዲህ ከክፍያ በፊት የደረሰኝ ቁጥር እንዲጣራ ሐሳብ አቀረብኩ።” ከዓመት በኋላ መግለጫው ግማሹ ተጽፎ ታገኙታላችሁ።

የሥነ ምግባር ሞጁሉስ?

ኦንላይን ነው፤ በራሳችሁ ጊዜ ይጨረሳል። ብዙዎች የመጨረሻ ላይ ይተውታል። ከኤስቢኤል በፊት ጨርሱት፤ እዚያ የሚጠየቀውን የሙያ አጻጻፍ ያለማምዳል።

ሁሉንም ፈተና አልፌያለሁ። አሁን የኦዲት ሪፖርት መፈረም እችላለሁ?

አይ። ፈተናውን የጨረሰ ሰው አፊሊየት ይባላል። ልምዱ እና ሞጁሉ ሲሟሉ ነው አባል የሚሆነው፤ ኤሲሲኤ የሚለውን ከስሙ ኋላ መጻፍ የሚችለውም ያኔ ነው። አምስት ዓመት በአባልነት ሲቆይ ኤፍሲሲኤ የሚባለውን ከፍ ያለ የአባልነት ማዕረግ ያገኛል።

የኦዲት ሪፖርት መፈረም ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እሱ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ፈቃዱን የሚሰጠው የምትሠሩበት አገር ተቆጣጣሪ አካል ነው። የአገሩን የታክስ እና የኩባንያ ሕግ ፈተና ሊጨምርባችሁ ይችላል። የሌላ አገር ታክስ ተፈትናችሁ ካለፋችሁ ይህ ሊያስደንቃችሁ አይገባም።

አባል ከሆንኩ በኋላ ጥናት አበቃ?

አላበቃም። በዓመት 40 ክፍለ ጊዜ ተከታታይ ሥልጠና ይጠበቃል፤ አንዱ በግምት አንድ ሰዓት ነው። ከዚያ ውስጥ 21ዱ ማስረጃ ያለው መሆን አለበት። መመዘኛዎቹ ስለሚለዋወጡ ነገሩ ለይስሙላ አይደለም፤ ለምሳሌ አይኤፍአርኤስ 18 እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2027 ጀምሮ የቀደመውን መመዘኛ አይኤኤስ 1ን ይተካል፤ የትርፍና ኪሳራ መግለጫው አቀራረብ ይቀየራል። የስልጠና ማስረጃችሁን በአንድ ፎልደር አስቀምጡ።

ኤሲሲኤ በ2027 መዋቅሩን ይቀይራል ሲባል ሰማሁ። ልጠብቅ ወይስ ልጀምር?

ጀምሩ። የታደሰ መዋቅር በ2027 እንደሚመጣ ተቋሙ አስታውቋል፤ ቁጭ ብሎ የጠበቀ ሰው ግን የሚያተርፈው የለም። የመጀመሪያዎቹ ደረጃዎች እውቀት በየትኛውም መዋቅር ያስፈልጋል።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ሽግግሩ ላይ መሃል መንገድ ላይ ላለ ሰው ነው። በ2018 የሆነውን እንይ። ያኔ ፒ1 እና ፒ3 የሚባሉ ሁለት ፈተናዎች ቀርተው ኤስቢኤል ተተካ። ሁለቱንም ያለፈ ኤስቢኤልን እንዳለፈ ተቆጠረለት። አንዱን ብቻ ያለፈ ግን ኤስቢኤልን በሙሉ መፈተን ነበረበት። ስለዚህ የሽግግር ሰንጠረዡን ከተቋሙ ገጽ አውርዱ፤ የቀሯችሁን ፈተናዎች አጠገቡ ጻፉ፤ ጥንድ ሆኖ የሚቆጠር ካለ አንዱን አንጠልጥላችሁ አትተዉ። ቀጣዩን የፈተና ምዝገባችሁን በዚያ ወስኑ።